ከቂል እስከ ደግ፦ የአንዲት የእንግሊዝኛ ቅጽል ታሪክ

ነገርን ነገር ያነሣዋል እንዲሉ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የቤት ሥራ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ማታ ታክሲዬን አቁሜ ወደ ቤት ስገባ እንደ ወትሮዋ ሮጣ አልተቀበለችኝም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ዘርግታ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች። ስለ አባቷ የአንድ ገጽ ድርሰት እንድትጽፍ ታዛ ጽፋ፣ መምህርቷ አርማ መልሳላታለች። በዚያች አንድ ገጽ ውስጥ «ናይስ» የምትባለው ቃል አምስት ጊዜ ገብታለች፤ አምስት ጊዜም በቀይ ተከብባለች። ከግርጌው «የተሻለ ቃል ፈልጊ» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል።

«አባዬ፣ አንተ ናይስ ነህ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

አገር ቤት ሳለሁ ለ11 ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ያሳጣኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን አሳጣኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ አስተኛኋት።

በማግስቱ ሌሊት ከአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ አእምሮዬ ወደ ድሮው ክፍሌ ተመለሰ። ከ60 በላይ ተማሪዎች በታጨቁበት ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ናይስ ማለት ጥሩ» ብዬ በጠመኔ እጽፍና ወደሚቀጥለው ቃል አልፍ ነበር። ተማሪዎቼም ይገለብጡታል፤ በፈተናም ይመልሱታል፤ እኔም ማርክ እሰጣቸዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርሁት ግማሽ እውነት መሆኑን የተረዳሁት፣ እዚህ አገር መጥቼ መሪ ከጨበጥሁ በኋላ ነው። እንግዲህ ለልጄ ብዬ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዛግብተ ቃላት ሳገላብጥ ያገኘሁትን ለእናንተም ለውድ አንባብያን ላካፍል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሏ ትውልድ

«ናይስ» የእንግሊዝ አገር ተወላጅ አይደለችም። ሥሯ ላቲን ነው። በላቲን «ስኪሬ» ማለት ማወቅ ነው። «ሳይንስ» የሚለው ቃልም የተገኘው ከዚሁ ነው። በ«ስኪሬ» ላይ የአፍራሽነት ምልክት የሆነው «ኔ» ሲጨመርበት «ኔስኪሬ»፣ አለማወቅ ይሆናል። ግዕዝ የተማሩ አንባብያን «ኢያእምሮ» የሚለውን ቢያስታውሱ አሠራሩ ወዲያው ይገባቸዋል። ከዚሁ «ኔስኪዩስ» የሚል ቅጽል ወጣ፤ ትርጉሙም የማያውቅ፣ መሃይም ማለት ነው። እንግዲህ «ሳይንስ» እና «ናይስ» ከአንድ አያት ተወልደው አንዱ ዕውቀትን፣ ሌላይቱ አለማወቅን ወርሰዋል ማለት ነው።

የላቲኑ ቃል ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲወርድ አጠረና «ኒስ» ሆነ። ትርጉሙም ከመሃይምነት ወደ ቂልነት፣ ወደ ዝርክርክነትና ወደ ደካማነት ሰፋ። በደቡብ ፈረንሳይ ያለችው የኒስ ከተማ ከዚች ቃል ጋር በፊደል ብትመሳሰልም ዝምድና የላትም። የከተማይቱ ስም የመጣው «ኒካያ» ከሚለው የግሪክ ስም ነው፤ ሥሩም ድል ማለት ነው። በ325 ዓ.ም. ጉባኤ የተደረገባት፣ 318ቱ ሊቃውንት የተሰበሰቡባት ኒቅያም የተጠራችው በዚሁ ስም ነው። ነገሩን ያነሣሁት ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ስለሚገኝ ነው።

ፈረንሳይኛው ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ የገባበት ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ወግቶ ድል ካደረገ በኋላ፣ ለ300 ዓመት ያህል የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ቤተ ክህነቱ በላቲን ይጸልያል፤ ባላገሩ በእንግሊዝኛ ያርሳል። በቤተ መንግሥት ሌላ፣ በቤተ ክህነት ሌላ ቋንቋ መነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። የዚያ ዘመን ምልክት እስከ ዛሬ በገበታ ላይ ይታያል። ላሟ በረት ሳለች ገበሬው በራሱ ቋንቋ «ካው» ይላታል፤ ታርዳ ከጌታው ማዕድ ስትቀርብ ግን በፈረንሳይኛው «ቢፍ» ትባላለች። በ1362 በፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ፤ የሚያስቀው ግን ሕጉ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑ ነው።

«ናይስ»ም በዚያ ዘመን ከገቡት በሺህ ከሚቆጠሩ ቃላት አንዷ ናት። ከ1300 አካባቢ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ትገኛለች። በዚያን ጊዜ አጠራሯ «ኒስ» ነበር። በ1400 የሞተው ታላቁ ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር «የካንተርበሪ ተረቶች» በሚባለው ሥራው ውስጥ ቃሏን «ብልህ» ለሚለው ተቃራኒ አድርጎ ተጠቅሞባታል። እንግዲህ በቾሰር ዘመን የነበረ ሰው ታክሲዬ ውስጥ ቢሳፈርና ሲወርድ «ናይስ ሰው ነህ» ቢለኝ፣ «ቂል ነህ» ማለቱ ነበር።

ቂሉ እንዴት ሸጋ ሆነ?

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ «ቂል የሚል ቃል እንዴት ብሎ ጥሩ ወደ ማለት ተለወጠ?» ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። እኔም ይህንኑ ጠይቄአለሁ። መልሱ በአንድ ጊዜ ዘሎ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው።

መጀመሪያ ቂል የተባለው ሰው፣ ነውርን የማያውቅ ተብሎ ለብልግና ተጠራበት። ከዚያ ወጭውን የማያውቅ፣ አለልክ የሚያጌጥ ለሚባለው ሆነ። አለልክ የሚያጌጥ ደግሞ ይህን እወዳለሁ ያን አልወድም የሚል፣ ምግቡንና ልብሱን የሚመርጥ፣ ነገር የሚቆረቁረው ቅንጡ ነው። ስለዚህ ቃሏ ከ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለመራጭና ለስስ ሰው ትነገር ጀመር። አንዳንዴም ለዓይን አፋር፣ ለተግደርዳሪ ሆነች። መራጭ የሆነ ሰው ደግሞ ጥንቃቄው ብዙ ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ደግሞ ጥቃቅኑን ከጥቃቅን ይለያል። በ16ኛው መቶ ዓመት እንግዲህ «ናይስ» ረቂቅ፣ ጥንቁቅ፣ ልኩን የጠበቀ ማለት ሆነች። ረቂቅ ሥራ ያምራል፤ ያማረ ነገር ደስ ያሰኛል። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ደስ የሚያሰኝ፣ የሚወደድ የሚለው ፍች በግልጥ ይታያል። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ደግ፣ አሳቢ ወደሚለው ደረሰች።

ይህን እንደ መሰላል አድርጌ ባቀርበውም አንዱ ፍች ሲመጣ ሌላው ጨርሶ አልለቀቀም። ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። በ1597 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው በሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» ውስጥ ለምሳሌ፣ ቃሏ ኢምንት ለሆነ፣ ለማይረባ ጉዳይ ተነግራለች። የኦክስፎርድ ታላቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንኳ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ጽሑፎች ውስጥ ጸሐፊው የትኛውን ፍች አስቦ እንደጻፋት ለመለየት የሚያስቸግርባቸው ቦታዎች ብዙ መሆናቸውን አምነዋል። ሊቃውንቱ ከተቸገሩ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ብትቸገር ምን ይገርማል?

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራውን ለብዙ ዓመት የመራው ጄምስ መሪ ሥራውን ሲጀምር የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጣ፤ እሱ በ1915 ሞተ፤ ሥራው የተፈጸመው በ1928 በሌሎች እጅ ነው። ይህን ሳነብ የእኛው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ትዝ አሉኝ። ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሲደክሙበት ኖረው ሳይታተም ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 በእኛ አቆጣጠር አሳተሙት። በሁለቱም አገር የቃላት ነገር ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሆኖ ተገኘ።

የተቈጡባት ሰዎች

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የታወቀ መዝገበ ቃላት ለ«ናይስ» ያስቀደመው ፍች እስከ ጥቃቅኑ ድረስ ልክ የሆነ ፍርድ የሚለውን ነው። እንግዲህ የተማረ ሰው «ናይስ» ሲል የልኬት፣ የጥንቃቄ፣ የመለየት ችሎታ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት 50 ዓመታት ግን ቃሏ ከመጻሕፍት ወጥታ ሻይ መጠጫ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠች፤ ያማረው ሁሉ «ናይስ» ሆነ።

ይህን ያየችው ደራሲት ጄን ኦስተን ናት። በ1817 መጨረሻ፣ ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ ታትሞ በወጣው «ኖርዛንገር አቢ» በተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ፣ ካትሪን የምትባል ወጣት አንድ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ናይስ ነው ብላ ስታደንቅ፣ ሄንሪ ቲልኒ የተባለው ጎልማሳ ያሾፍባታል። ቀኑም ናይስ፣ ሽርሽሩም ናይስ፣ እናንተም ሁለት ናይስ ልጃገረዶች ናችሁ እያለ፣ ቃሏ ለሁሉ የምትሆን ሆና መቅረቷን ያሳያታል። ጥንት ለጥራትና ለጨዋነት ብቻ የምትነገር ሳትሆን አትቀርም ይላል። ልብ በሉ፤ ሄንሪ «ጥንት» ያለው የትናንቱን እንጂ የጥንቱን አልነበረም። ከዚያ በፊት ቂል ማለት እንደነበረች ቢያውቅ ኖሮ ፌዙን ባልጀመረውም ነበር። የአያቱን ዘመን የቋንቋ መጀመሪያ አድርጎ የሚያስብ ሰው ዛሬም ሞልቷል። «የአሁን ልጆች አማርኛ አበላሹ» ስንል እኛም ከሄንሪ አንሻልም።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1926 ስለ እንግሊዝኛ አጠቃቀም ታዋቂ መጽሐፍ የጻፈው ሄንሪ ፋውለርም የሄንሪ ቲልኒን ቁጣ ደገመው። ቃሏ ጥርት ያለ ትርጉሟን አጥታ ለስለስ ያለ ደስታ መርጫ ብቻ ሆናለች ብሎ አዘነ፤ ጥፋቱንም በወይዛዝርት ላይ ጣለ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ዛሬም ድረስ በቀይ እስክሪብቶ ይከብቧታል። ቃሏ ግን ቁጣውን ሁሉ ችላ ኖረች።

ቢጫዋ ፈገግታና የቤዝቦሉ አሠልጣኝ

በአሜሪካ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። በ1963 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ፣ ሃርቪ ቦል የተባለ የንግድ ሥዕል ሠሪ ለአንድ የመድን ድርጅት ሠራተኞች ሞራል ማነቃቂያ እንዲሆን ቢጫ ክብ፣ ሁለት ዓይንና ፈገግ ያለ አፍ ሣለ። የተከፈለው 45 ዶላር ነው። የባለቤትነት መብቱንም አላስመዘገበም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያች ቢጫ ፊት በአዝራርና በካናቴራ ላይ አገሩን ስታጥለቀልቅ፣ «መልካም ቀን ይሁንልህ» የሚለው የናይስ ምርቃትም በየሱቁ ገንዘብ ተቀባይ አፍ ላይ ተለመደ። ዛሬ ከመኪናዬ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ብሎ በር ይዘጋል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ እንደ አገሬ ምርቃት ቆጥሬው «አሜን» እል ነበር። ለመሆኑ እውነቱን ነው ወይስ ልማድ ነው? ብዬ የጠየቅሁት በኋላ ነው። መልሱን አሁንም በሩ አዘጋግ ላይ እፈልጋለሁ። ቀስ ብሎ የሚዘጋ አለ፤ የሚደረግም አለ።

ሌላው ታሪክ የቤዝቦል ነው። በ1946 የብሩክሊን ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ሊዮ ዱሮቸር ስለ ተፎካካሪው የኒውዮርክ ጃያንትስ ቡድን ከጋዜጠኞች ጋር ሲነጋገር፣ ናይስ ሰዎቹ እነዚያ ናቸው፣ ያሉትም ሰባተኛ ደረጃ ላይ ነው በሚል ስሜት ተናገረ። ንግግሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ አጠረና «ናይስ ሰዎች መጨረሻ ይወጣሉ» የሚል ተረት ሆነ። ራሱ ዱሮቸርም በ1975 ያወጣውን የሕይወት ታሪኩን መጽሐፍ በዚሁ ሰየመው። እንግዲህ ልብ ብላችሁ ከሆነ ቃሏ ወደ ተነሣችበት ልትመለስ ዳር ዳር እያለች ነው። «እሱ እኮ ናይስ ነው» ሲባል፣ ሰው የሚጫወትበት፣ እምቢ ማለት የማይችል፣ የዋህ ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ደግሞ ከቾሰሩ ቂል ብዙም አይርቅም።

ከእኛ ቤትስ?

«የዋህ» ካልሁ ዘንድ ወደ ራሳችን ቋንቋ ልመለስ። ይህ የእንግሊዞች ጉድ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። በወንጌል የዋህነት የሚመሰገን ነው። ዛሬ ግን አንድ ጓደኛችን ገንዘቡን ያለ ወረቀት አበድሮ ሲቀልጥበት «አይ የዋህ!» እንለዋለን። ሙገሳ አይደለም። እንግሊዝኛውም ይህን በ«ሲሊ» አድርጎታል። «ሲሊ» በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቡሩክ፣ ደስተኛ ማለት ነበር። ከዚያ ንጹሕ፣ ከዚያ ምስኪን፣ በመጨረሻም ጅል ሆነ። «ናይስ» ከቂልነት ወደ ደግነት ስትወጣ፣ «ሲሊ» ከብፅዕና ወደ ጅልነት ሲወርድ በደረጃው መካከል የተላለፉ ይመስላሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ጨዋ» የሚለው ቃላችን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434-1468) ጨዋ ማለት በየአውራጃው የሚሰፍሩ የንጉሥ ጭፍሮች ነበሩ። ቃሉን በግዕዝ ምርኮ ማለት ከሆነው «ፄዋ» ጋር የሚያያይዙ ሊቃውንት አሉ። በኋላ ቃሉ ሁለት መንገድ ያዘ። በአንድ በኩል የተከበረ ቤተሰብ ልጅ፣ ጠባየ መልካም፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ጨዋ ተባለ። በሌላ በኩል በቤተ ክህነት ዘንድ ዜማና ቅኔ፣ ንባብና ትርጓሜ ያልተማረ ተራ ምእመን ጨዋ ተባለ፤ መሃይም እንደማለት ነው።

ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አይቻለሁ፤ አባቴ ነው። አባቴ ፊደል አልቈጠረም። በማኅበር ቀን ድርሳን ይነበብ ሲባልና መጽሐፉ በእጁ ሲደርስ «እኔስ ጨዋ ነኝ» ብሎ ለጎኑ ያሳልፍ ነበር። አላፈረም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ደግሞ ሽማግሌ ተመርጦ የሚጠራው እሱ ነበር። «ለምን እሱን?» ሲባል መልሱ «ጨዋ ነዋ!» ነው። እንግዲህ በአንድ መንደር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንድ ሰው በአንድ ቃል መሃይምም የተከበረም ይባላል፤ ሰሚውም ሳይደናገር ይለየዋል። «ኔስኪዩስ» ከመሃይም ተነሥቶ መልካም ሰው ዘንድ ለመድረስ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። በአባቴ ላይ ግን ሁለቱ አብረው ኖሩ።

አጠቃቀሟ፤ ከመሪው ጀርባ ሲታይ

ለአዲስ መጤ ወገኖቼ ይጠቅም እንደሆነ፣ ይህች ቃል ዛሬ በአሜሪካ ስንት ፊት እንዳላት በአጭሩ ልግለጥ።

ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ምግብ ስትነገር ደስ ይላል ከማለት አታልፍም። ተናጋሪው ወሬ እየጀመረ እንጂ ፍርድ እየሰጠ አይደለም። ከሌላ ቅጽል ጋር «እና» በሚለው ተያይዛ ስትመጣ፣ ለምሳሌ ናይስና ሞቃት ሲባል፣ ሙቀቱ ልክክ ያለ፣ እንደሚፈለገው ማለት ነው፤ የጥንቱ ልክነት እዚህ ላይ ጥቂት ይሸታል። በሕግና በፍልስፍና መጻሕፍት ናይስ ልዩነት የሚል ስታነቡ ጥሩ ልዩነት ብላችሁ አትተርጉሙት፤ ረቂቅ፣ በቀላሉ የማይታይ ልዩነት ነው። እኔ ለተማሪዎቼ ያልነገርኋቸው ይህን ነው።

ሕፃናትን «ናይስ ሁኑ» ሲሏቸው ሥርዓት ያዙ፣ አትጋፉ ማለት ነው። አንድ አዋቂ ደግሞ «ያ ብዙም ናይስ አይደለም» ካላችሁ፣ በእኛ ቋንቋ ነውር ነው ከማለት የሚተናነስ አይምሰላችሁ። መኪና ከፊታችሁ ጥልቅ ሲል የኋላ ተሳፋሪ ረዘም አድርጎ «ናይስ» ቢል ስድብ ነው። እኛም «ደግ! እንተያያለን» የምንለው ስናመሰግን አይደለም። በድምፅ ነው የሚለየው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምንም ላለማለት የሚነገረው ናይስ ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ነው። ወደዚህ አገር በመጣሁ በዓመቱ፣ በ2014፣ አንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር እንደሚፈልግ ሰምቼ አመለከትሁ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከአገር ቤት ያመጣኋትን ሱፍ ለብሼ፣ የምስክር ወረቀቶቼን በፕላስቲክ ይዤ ሄድሁ። ለአርባ ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ፤ መለስሁ። ስወጣ ጠያቂዋ ሴትዮ እጄን ጨብጣ በሰፊው ፈገግ ብላ «ካንተ ጋር መገናኘት በጣም ናይስ ነበር፤ በጣም ናይስ ሰው ነህ» አለችኝ። ቤት ደርሼ ለባለቤቴ ቃል በቃል ተረጎምሁላት። እሷም ደስ ብሏት ቡና አፈላች፤ ጎረቤቶቻችንን ጠራን። ደብዳቤው በአሥረኛው ቀን መጣ። ሌላ አመልካች መርጠዋል።

ሴትዮዋ አልዋሸችኝም። ስድብም አልሰደበችኝም። ትችላለህ ብትል ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ አትችልም ብትልም አንድ ነገር ነው። «ናይስ» ግን በሁለቱ መካከል ያለች ለስላሳ ትራስ ናት። የሥራ ምስክር ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ አለቃ «ናይስ ሰው ነው» ብሎ ካቆመ፣ ሌላ የሚለው አጥቷል ብሎ የሚያነብ ቀጣሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ምስክር ስትጠይቁ የሠራችሁትን ሥራ በዝርዝር እንዲጽፍላችሁ ለምኑ። ሰዓት ማክበር፣ ሒሳብ አለማጉደል፣ አንድ የተጣላ ደንበኛን ማብረድ፤ ይህ ሁሉ የሚጻፍ ነገር ነው።

የልጄ ድርሰት

በማግስቱ ማታ ለልጄ ይህን ሁሉ ነገርኋት። የላቲኑን ስነግራት ሳቀች፤ «ስለዚህ አምስት ጊዜ ቂል ብዬሃለሁ ማለት ነው?» አለች። ስለ አያቷ ስነግራት ግን ዝም ብላ ሰማች። ከዚያም «እንግዲያው ምን ልጻፍ?» ብላ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። ልጅ ጥያቄውን አይረሳም።

የተሻለ ቃል ከመዝገበ ቃላት ልመርጥላት ፈልጌ ነበር። ደግ፣ ለጋስ፣ ታጋሽ የሚሉትን በእንግሊዝኛው ጻፍሁላት። አንዱንም አልወደደችውም። «እነዚህም እኮ ናይስ ናቸው፤ ልብስ ቀይረው ነው እንጂ» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርሁ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም።

«እሺ፣ ናይስ ነህ ስትዪ ምን አስበሽ ነው?» አልኋት።

ትንሽ አሰበችና፣ አንድ ቅዳሜ ታክሲዬ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ሳለች አንዲት አሮጊት እቤታቸው ያደረስሁበትን ቀን አስታወሰችኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። አሮጊቷ ከፍለው ከወረዱ በኋላ፣ ቁልፋቸውን ፈልገው በሩን ከፍተው እስኪገቡና የሳሎኑ መብራት እስኪበራ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ጠበቅሁ። «ለምን አንሄድም?» ብላ ስትጠይቀኝ «ጨለማ ነው» ብቻ ብዬ መልሼላታለሁ አለች።

ይህንኑ ጻፈችው። ድርሰቱ እንደገና ሲታረም አራቱ «ናይስ»ዎች ወጥተዋል፤ አንዷን ግን መጨረሻው ላይ ሆን ብላ አስቀርታታለች። መምህርቷ በዚህ ጊዜ አልከበበቻትም። እኔም ወረቀቱን ታጥፎ ከታክሲው የፀሐይ መከላከያ ሥር አኑሬዋለሁ፤ ሰልፉ ሲረዝም እያወጣሁ አነበዋለሁ።

አንባብያን ሆይ፣ ከአገር ቤት ያመጣናቸው ቃላት እዚህ ከልጆቻችን አፍ ሲገቡ እንዴት እየተለወጡ እንደሆነ እናንተም በየቤታችሁ ሳትታዘቡ አትቀሩም። ብትጽፉልን ብዙ እንማርበታለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።